የትኛዋ ላስ ቬጋስ? ትዝታን ለሚሹና አዲስ ነገርን ለሚሹ ጎብኚዎች የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

በኔቫዳ በረሃ መካከል የተቆረቆረችው ላስ ቬጋስ ለእንግዳዋ ሁለት የሚጣረሱ ነገሮችን በአንድ ጊዜ ትሸጣለች። በአንድ በኩል «የድሮዋን ቬጋስ ኑና እዩ» ትላለች፤ በሌላ በኩል በየጥቂት ዓመቱ ያንኑ የድሮ ቤቷን በድማሚት እያፈረሰች በቦታው ሌላ ታቆማለች። እዚህ የምንኖር ኢትዮጵያውያን እንግዳ መቀበል ዘወትር የምንሠራው ሥራ ነው፤ ከዋሽንግተን፣ ከዳላስ ወይም ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድ ደግሞ ትኬቱን እንደቆረጠ ደውሎ የሚጠይቀው ጥያቄ «የት ባርፍ ይሻላል?» የሚል ነው። ማስታወቂያ አንብቦ መልሱን ማግኘት አይቻልም፤ ምክንያቱም ሁሉም ሆቴል ራሱን «ታሪካዊ» እና «አዲስ የታደሰ» እያለ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይጠራል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለሁለት ወይም ለሦስት ሌሊት ለሚመጣና አንድ ማረፊያ መምረጥ ላለበት ሰው ነው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ሁለቱን ሰፈሮች መለየት ያስፈልጋል። ከተማዋ የተመሠረተችው በ1905 የባቡር ኩባንያው መሬቱን በጨረታ በሸጠ ጊዜ ሲሆን፣ ያ መሬት ዛሬ ፍሪሞንት ጎዳና የሚያልፍበት ዳውንታውን የሚባለው ሰፈር ነው። ኔቫዳ በ1931 ቁማርን እንደገና ሕጋዊ ስታደርግ ንግዱ የደራው እዚሁ ነበር። በ1941 ደግሞ ኤል ራንቾ ቬጋስ የተባለ ሆቴል ከከተማው ወሰን ወጣ ብሎ፣ ወደ ሎስ አንጀለስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ተከፈተ፤ ዛሬ ስትሪፕ የምንለው የሆቴሎች ረድፍ የተጀመረው በእርሱ ነው። ስትሪፕ እስካሁን ድረስ በአብዛኛው በክላርክ ካውንቲ ሥር እንጂ በከተማው አስተዳደር ሥር አይደለም። ከፍሪሞንት እስከ ስትሪፕ መሐል 7 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ሁለቱን በእግር እያመላለሱ መጎብኘት አይቻልም፤ አንዱን መርጦ ሌላውን በአውቶቡስ ወይም በመኪና ደርሶ መመለስ ግድ ይላል።

## በምን እንመዝን?

የመጀመሪያው መመዘኛ የሚታየው ዋጋ ሳይሆን የሚከፈለው ዋጋ ነው። በላስ ቬጋስ አብዛኞቹ ሆቴሎች ከክፍሉ ኪራይ ሌላ «የሪዞርት ክፍያ» የሚባል አስገዳጅ ዕለታዊ ሒሳብ ያስከፍላሉ። አንድ ክፍል በሌሊት 49 ዶላር ተብሎ ቢወጣና የሪዞርት ክፍያው 45 ዶላር ቢሆን፣ በድምሩ ላይ 13 በመቶ የሚሆን የክፍል ግብር ሲታከል ሒሳቡ 106 ዶላር ይደርሳል። ከዳላስ የመጣ አንድ ዘመዴ ለአራት ሌሊት የያዘውን «ርካሽ» ክፍል ሊለቅ ሲል የቀረበለትን ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ደምሮ፣ የእኔ ስህተት ነው ብሎ ዝም ማለቱን አልረሳውም። ስህተቱ የእርሱ አልነበረም። ከግንቦት 2025 ጀምሮ የፌዴራሉ ደንብ አስገዳጅ ክፍያዎች በሙሉ በመጀመሪያ በሚታየው ዋጋ ውስጥ እንዲካተቱ ያዝዛል፤ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ይሁን እንጂ ግብሩና የመኪና ማቆሚያው አሁንም ለብቻቸው ሊመጡ ይችላሉ።

ሁለተኛው መመዘኛ እውነተኛነት ነው። ትዝታ ፈልጎ የሚመጣ ሰው የሚገዛው ስሙን ነው ወይስ ሕንፃውን? በዚህች ከተማ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ተለያይተዋል። ሦስተኛው የእግር ጉዞው ነው፤ በተለይ በበጋ፣ ምክንያቱም ከተማዋ ሐምሌ 2024 ላይ 48.9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የደረሰ የሙቀት ክብረ ወሰን አስመዝግባለች። አራተኛው እንቅልፍና አየር ነው፤ ይኸውም ጫጫታውና በቁማር አዳራሾች ውስጥ እስካሁን የተፈቀደው የሲጋራ ጭስ ነው። አምስተኛው ቁማር ለሚሞክር ሰው የጨዋታው ሕግ ሲሆን፣ ስድስተኛው ብዙዎች የማያስቡት ነገር ነው፦ ያየነውን ነገር ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰን እናገኘው ይሆን?

## ፍሪሞንት፦ አሮጌው መሐል ከተማ

ዕድሜ ከሆነ የሚፈለገው፣ ከዚህ የሚስተካከል የለም። ጎልደን ጌት በፍሪሞንት ቁጥር 1 በ1906 የተከፈተ የከተማዋ አንጋፋ ሆቴል ነው። ኤል ኮርቴዝ በ1941 ተሠርቶ እስከ ዛሬ በዚያው ስሙ የሚሠራ ሲሆን በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ውስጥም ሰፍሯል። ጎልደን ነገት በ1946፣ ፎር ኩዊንስ በ1966 የተከፈቱ ናቸው። ሁሉም በጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ውስጥ ስለሚገኙ ጉልበቱ የደከመ ሰው እንኳ ባንድ ምሽት ሊያዳርሳቸው ይችላል። ይህ በስትሪፕ የማይገኝ ትልቅ ጥቅም ነው።

ነገር ግን ፍሪሞንትም ቢሆን ሳይነካ የተቀመጠ ሙዚየም አይደለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ስትሪፕ ጎብኚውን ሁሉ ሲወስድበት፣ ሰፈሩ ራሱን ለማዳን በ1995 ጎዳናውን ለመኪና ዘግቶ 27 ሜትር ከፍታና 400 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የብርሃን ጣሪያ ሠራበት። ከጣሪያው ሥር ቬጋስ ቪክ የሚባለው፣ ከ1951 ጀምሮ የቆመ በኒዮን መብራት የተሠራ የላም ጠባቂ ምስል አለ። ቁመቱ 12 ሜትር ይጠጋል። ቀና ብሎ በደንብ ለሚያየው የባርኔጣው አናት ከጣሪያው ጋር ሊነካካ ጥቂት ይቀረዋል፤ ጣሪያው ሲዘረጋ እንዲያልፍለት ከባርኔጣው ላይ ተቀንሷልና። እርሱ ያስተዋውቀው የነበረው የቁማር ቤት ተዘግቶ በሥሩ የማስታወሻ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ገብቶበታል። እንግዶቼን ሁልጊዜ እዚህ አቆማቸዋለሁ፤ ከተማዋ ትዝታን እንዴት እንደምትይዝ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር አላገኘሁም። ላም ጠባቂውን አላፈረሱትም፤ ቆርጠው አስቀመጡት።

በወጪ በኩል ፍሪሞንት አብዛኛውን ጊዜ ከስትሪፕ ይቀንሳል፤ የክፍሉም የምግቡም ዋጋ እንዲሁ ነው። የድሮው ዋጋ ግን አብሮ አልቆየም። ጎልደን ጌት በ1959 በ50 ሳንቲም መሸጥ የጀመረው ሽሪምፕ ኮክቴል የተባለው የባሕር ምግብ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የከተማዋ የርካሽነት ምልክት ሆኖ ኖሮ በ2017 ቀርቷል።

እንቅልፍን በሚመለከት ይህ ሰፈር ደካማ ነው። ከጣሪያው ሥር የሙዚቃ መድረኮች እስከ እኩለ ሌሊት አልፈው ይጮኻሉ፤ ወደ ጎዳናው የሚመለከት ክፍል የያዘ ሰው ማረፊያ ማግኘቱን ይጠራጠራል። ክፍል ሲይዙ «ከፍሪሞንት ፊት ለፊት ያልሆነ» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የአሮጌዎቹ ቤቶች ጣሪያ ዝቅተኛ በመሆኑ የሲጋራው ጭስ ይከብዳል፤ አስም ያለበት ሰው ይህን እንደ ቀላል ነገር እንዳያየው። የኤል ኮርቴዝ ጥንታዊ ክፍሎች የሚደረስባቸው በደረጃ ነው፤ ጉልበቱን የሚያመው ሰው በአዲሱ ሕንፃቸው ያለውን ክፍል ይጠይቅ።

ለቁማር ተጫዋች ግን ትዝታው የገንዘብ ትርጉም አለው። ብላክ ጃክ በሚባለው የካርታ ጨዋታ ተጫዋቹ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ካርታዎች 21 ሲያወጣ በድሮው ሕግ በ10 ዶላር 15 ዶላር ይከፈለዋል፤ በስትሪፕ የተስፋፋው አዲሱ ሕግ ግን 12 ዶላር ብቻ ይከፍላል። ኤል ኮርቴዝ በድሮው ሕግ በሚከፍሉ ጠረጴዛዎቹ የታወቀ ነው። በሩሌት ደግሞ ሁለት ዜሮ ያለው መንኮራኩር ለቤቱ 5.26 በመቶ ሲያደላ፣ ሦስት ዜሮ ያለው 7.69 በመቶ ያደላል። ሦስተኛዋ ዜሮ በስትሪፕ የበዛች የቅርብ ጊዜ «ማሻሻያ» ናት። የትኛውም ሕግ ቢሆን ቤቱ እንደሚያሸንፍ ነው የተሠራው፤ ስለዚህ ለጨዋታ የሚያዘው ገንዘብ እንደ ቲያትር መግቢያ የሚወጣ ወጪ እንጂ የሚመለስ ገንዘብ ተደርጎ መታሰብ የለበትም።

## በስትሪፕ ላይ የቆዩ ስሞች

እዚህ ላይ ነው ጎብኚው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው። ፍላሚንጎ በ1946 መጨረሻ የተከፈተ፣ ባግሲ ሲገል ከሚባለው የወንበዴ አለቃ ስም ጋር የተያያዘ ታሪክ ያለው ሆቴል ነው። ያንን ታሪክ ፈልጎ ክፍል የሚይዝ ሰው ግን ከመጀመሪያው ሕንፃ የቀረው የመጨረሻ ክፍል በ1993 መፍረሱን ማወቅ አለበት። ሳሃራ በ1952 ተከፍቶ በ2011 ተዘጋ፤ በ2014 ስሙን ለውጦ ዘመናዊ ሆኖ ተመለሰ፤ በ2019 እንደገና ሳሃራ ተባለ። ሆርስሹ የሚለው ስም ደግሞ የፍሪሞንት ነበር፤ ባለቤቶቹ ቤቱንና ስሙን ለያይተው ሸጡት፤ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ስሙ በስትሪፕ ላይ ባለ ሌላ ሕንፃ አናት ላይ ሲያበራ፣ የመጀመሪያው ቤት በፍሪሞንት ቢኒየንስ ተብሎ ቀርቷል።

ያ ሆርስሹ የተባለው ሕንፃ ራሱ በ1973 ኤም ጂ ኤም ግራንድ ተብሎ የተከፈተና በ1980 ከ80 በላይ ሰዎች በእሳት ያለቁበት ነው። አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ማደር ያስፈራል ለሚሉ ሰዎች መልሱ ከዚሁ ይገኛል፤ ከዚያ አደጋ በኋላ ኔቫዳ ነባር ረጃጅም ሆቴሎች ሳይቀሩ ከጣሪያ ውኃ የሚረጭ የእሳት መከላከያ እንዲያስገቡ አስገድዳለች። ስለዚህ የሕንፃ ዕድሜ ብቻውን የደኅንነት መለኪያ አይሆንም።

ሲዘርስ ፓላስ (1966) እና ሰርከስ ሰርከስ (1968) ስማቸውንም ቦታቸውንም ይዘው ቆይተዋል፤ ሲዘርስ ግን ያለማቋረጥ ፎቅ ሲጨምርና ሲያድስ የኖረ በመሆኑ የ1966ቱን ስሜት የሚያገኙበት ቦታ ጥቂት ነው። ሰርከስ ሰርከስ ለልጆች የሚሆን በጣሪያ የተሸፈነ የመጫወቻ ስፍራ ስላለውና ዋጋው ዝቅ ያለ ስለሆነ ቤተሰብ ይዞ የሚመጣ ሰው ያስበዋል፤ ክፍሎቹ ግን እርጅናቸው ይታወቅባቸዋል።

ከዚህ ጎራ ውስጥ የ1990ዎቹም ሆቴሎች ይገባሉ። ኤክስካሊበር፣ ሉክሶር፣ ኒውዮርክ ኒውዮርክ፣ ፓሪስና ቬኒሺያን ሁሉም በዚያ አሥር ዓመት ውስጥ የተከፈቱ የሌላ ቦታ አምሳያዎች ናቸው። ዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ ስለሆናቸው ራሳቸው ትዝታ ሆነዋል፤ በልጅነቱ በሉክሶር ፒራሚድ ውስጥ ያደረ ሰው አሁን ልጆቹን ይዞ ይመጣል። የሚያገኘው ግን ከውጭ ፒራሚዱን ሲሆን፣ የውስጡ የግብፅ ጌጥ በአብዛኛው ተነሥቷል። ትሬዠር አይላንድም የባሕር ወንበዴ ትርዒቱን በ2013 አቁሟል። በዚህ ጎራ የሚያርፍ ሰው የሚያገኘው ዋነኛ ጥቅም ዋጋና አቀማመጥ ነው፤ የስትሪፕን መሐል በመጠነኛ ወጪ ያገኛል። ትዝታ ይሸጥልኛል ብሎ የሚጠብቅ ግን ያዝናል።

## አዲሶቹ

ሪዞርትስ ወርልድ በ2021፣ ፎንተንብሎ በታኅሣሥ 2023 ተከፈቱ። የመጀመሪያው የቆመው በ2007 በፈረሰው በስታርደስት ቦታ ላይ ነው። የሁለተኛው ሕንፃ በ2007 ተጀምሮ በ2009 ገንዘብ አልቆ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ባዶውን እንደ ሰማያዊ ግንብ ቆሞ የኖረ ነው፤ ታክሲ የሚነዱ ወንድሞቻችን ለተሳፋሪ «ያ ምንድን ነው?» ለሚል ጥያቄ መልስ መስጠት የሰለቻቸው ሕንፃ ነበር። አሁን 67 ፎቅና ከ3,600 በላይ ክፍሎች አሉት።

ምቾትን በሚመለከት ክርክር የለም። ክፍሎቹ ሰፊ፣ ድምፅ የማያስገቡ፣ አየራቸው የተጣራ ነው፤ አዳራሾቻቸው ከፍ ያሉ በመሆናቸው ጭሱም ይቀንሳል። ጭስ ጨርሶ የማይፈልግ ሰው ግን አዲስ ሆቴል መፈለግ አይኖርበትም፤ ፓርክ ኤም ጂ ኤም ከ2020 ጀምሮ ሲጋራ ሙሉ በሙሉ የተከለከለበት ሆቴል ነው። በወጪ በኩል ግን እነዚህ ከሁሉ ይከብዳሉ፤ ክፍሉ ብቻ ሳይሆን ቡናውም፣ የመኪና ማቆሚያውም፣ የገንዳ ዳር ወንበሩም ጭምር። ደግሞም ስትሪፕ ለዓይን እንደሚመስለው ቅርብ አይደለም፤ ሕንፃዎቹ ግዙፍ ስለሆኑ «ያውና» የሚባለው ሆቴል በእግር ሃያ አምስት ደቂቃ ይወስዳል፣ ከክፍል እስከ መንገድ መውጣት ራሱ አሥር ደቂቃ ይፈጃል።

ስፊር የሚባለው፣ በመስከረም 2023 በ2.3 ቢሊዮን ዶላር የተሠራው ሉል አዳራሽ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። ቁመቱ 112 ሜትር ሲሆን ውጪው ሁሉ ስክሪን ነው፤ ማታ ማታ አንዴ ጨረቃ፣ አንዴ ዓይን ይሆናል። እውነት ለመናገር፣ ከዚህ ከተማ አዲስ ነገሮች መካከል በሌላ ቦታ የማይገኘው ይህ ነው። ነገር ግን ይህን ለማየት ውድ ሆቴል ውስጥ ማደር አያስፈልግም፤ ውጪውን ከመንገድ ላይ በነፃ ያዩታል፣ ውስጡን በአንድ ትኬት ያዩታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ አዲሱን ነገር ለማየት ብሎ የአዲሱን ሆቴል አልጋ ለሦስት ሌሊት ይከራያል።

ቀጣይነት ሲመዘን አዲሶቹ የሚሰጡት ዋስትና የለም። ሚራዥ በ1989 ሲከፈት የዘመናዊቷ ቬጋስ መጀመሪያ ተብሎ ነበር፤ ከፊቱ ያለው እሳተ ገሞራ በየምሽቱ እየነደደ ሠላሳ አራት ዓመት ቆየና ሐምሌ 2024 ላይ ሆቴሉ ተዘጋ፤ በቦታው በጊታር ቅርጽ የሚቆም ሕንፃ እየተሠራ ነው። በ1957 የተከፈተው ትሮፒካና ደግሞ ጥቅምት 9 ቀን 2024 በርችትና በድሮን ትርዒት ታጅቦ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ፈረሰ። ለቤዝቦል ስታዲየም ነው። በዚያ ሌሊት ከጎረቤቴ ጋር ቆመን ነበር፤ በዚያው ሆቴል ብዙ ዓመት ክፍል ስታጸዳ የኖረች እናት ናት። ሕዝቡ ርችቱን ሲቀርጽ እርሷ በጣቷ መስኮቶቹን ከላይ ወደ ታች ትቆጥር ነበር።

«ምን እየፈለጉ ነው፣ እማማ?» አልኳት።

«ፎቄን ነው፣ ልጄ። ያቻትና፤ ያቺ የኔ ነበረች።»

## ሦስቱም ውስጥ የማይገቡት

ትዝታን በእውነት ለሚፈልግ ሰው ምርጡ ቦታ ሆቴል አይደለም። ከፍሪሞንት ወደ ሰሜን ትንሽ ወጣ ብሎ የኒዮን ሙዚየም አለ፤ የፈረሱት ሆቴሎች ማስታወቂያዎች፣ የስታርደስት ፊደሎች ሳይቀሩ፣ አሸዋ ላይ ተደርድረው ይታያሉ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለውን ትኬት አስቀድመው ይያዙ። የመግቢያው ሕንፃ ራሱ በ1961 የተሠራ የላ ኮንቻ ሞቴል እንግዳ መቀበያ ሲሆን፣ ሊፈርስ ሲል ቆራርጠው አምጥተው የገጠሙት ነው፤ የነደፈውም ፖል ዊሊያምስ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ አርክቴክት ነው።

በዚያው ግቢ ሙላን ሩዥ የተባለው ሆቴል ፊደሎች አሉ፤ ከሁሉ በፊት ወደ እነርሱ እንድትሄዱ እመክራለሁ። «የድሮዋ ቬጋስ» የሚለው ማስታወቂያ የሚዘለው ታሪክ እዚያ ነው። በ1950ዎቹ ሳሚ ዴቪስ ጁኒየርን የመሰሉ ጥቁር አርቲስቶች በስትሪፕ መድረክ ላይ ዘፍነው ሲጨርሱ በዚያው ሆቴል ማደር አይፈቀድላቸውም ነበር፤ ከባቡር ሐዲዱ ወዲያ ባለው ዌስትሳይድ በሚባለው ሰፈር በእንግዳ ማረፊያዎች ያድሩ ነበር። ሙላን ሩዥ በ1955 የተከፈተ፣ ጥቁርና ነጭ አብረው የሚገቡበት የመጀመሪያው ትልቅ የካሲኖ ሆቴል ሲሆን በዚያው ዓመት ውስጥ ተዘጋ። ይሁንና በመጋቢት 1960 የመብት ተሟጋቾች፣ ባለሥልጣናትና የካሲኖ ባለቤቶች መለያየቱን ለማስቀረት የተስማሙት በዚያው በተዘጋው ሆቴል ውስጥ ተቀምጠው ነው። ያ ዘመን ይናፍቀኛል የሚል ሰው እኛን የመሰለ እንግዳ በዚያ ዘመን በየትኛው በር ይገባ እንደነበር ቆም ብሎ ቢያስብ መልካም ነው። የ1950ዎቹ ቬጋስ ውበቷ እውነት ነው፤ በሯ ግን ለሁሉ አልተከፈተም ነበር።

ከዚህ ሌላ፣ በ2020 በፍሪሞንት የተከፈተው ሰርካ አዲስና አሮጌን አንድ ላይ ለማድረግ ከሞከሩት የተሳካለት ነው። ሕንፃው ፍጹም አዲስ ሆኖ፣ ቬጋስ ቪኪ የምትባለውን የድሮ የኒዮን ምልክት አድሶ በውስጡ አቁሟታል። ዕድሜው 21 ያልሞላ ሰው ግን አይገባበትም።

## ንጽጽሩ በሠንጠረዥ

| መመዘኛ | ፍሪሞንት | የስትሪፕ ነባሮችና የ1990ዎቹ | አዲሶቹ |
|---|---|---|---|
| ጠቅላላ ወጪ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | ከፍተኛ |
| የሕንፃው እውነተኛነት | ከሁሉ የተሻለ | ስም አለ፣ ሕንፃው ጥቂት ቦታ | አይጠበቅም |
| የእግር ጉዞ | አጭር፣ በጥላ ሥር | ረጅም | በጣም ረጅም |
| እንቅልፍ | ጫጫታ አለ | እንደ ክፍሉ | በጣም ጥሩ |
| የሲጋራ ጭስ | ይከብዳል | ይለያያል | ይቀንሳል |
| የጨዋታ ሕግ | የተሻለ ይገኛል | በአብዛኛው የከፋ | በአብዛኛው የከፋ |
| ለልጆች | ቀን ብቻ | የተሻለ | ለአዋቂ የታሰበ |
| ከአምስት ዓመት በኋላ መገኘት | ሳይሆን አይቀርም | አጠራጣሪ | ስሙ ሊለወጥ ይችላል |

## ማን የቱን ይምረጥ?

ኪሱን የሚቆጥርና ብቻውን ወይም ከጓደኞቹ ጋር የሚመጣ ሰው በፍሪሞንት ይረፍ፤ ከጎዳናው ራቅ ያለ ክፍል ይያዝ፤ አንድ ምሽት በዱስ በተባለው ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ወደ ስትሪፕ ወርዶ ስፊርን ይይ። ከሞላ ጎደል ለሁሉም ሰው የምሰጠው ምክር ይህ ነው፤ አዲሱን በትኬት፣ አሮጌውን በአልጋ።

ልጆች ላሉት ቤተሰብ ግን ይህን አልመክርም። ዕድሜያቸው ከ21 በታች የሆኑ በቁማር ወለል ላይ ቆመው መቆየት ሕጉ አይፈቅድላቸውም፤ ፍሪሞንት ደግሞ ሲመሽ ለልጅ ዓይን የሚሆን ቦታ አይደለም። በስትሪፕ መሐል ካሉት የ1990ዎቹ ሆቴሎች አንዱን መርጠው፣ ፍሪሞንትን በቀን ቢያሳዩአቸው ይሻላል።

ለሙሽሮችና አንድ ጊዜ ብቻ ለሚመጡ፣ ገንዘቡም ላላቸው፣ አዲሶቹ ያዋጣሉ፤ ግን ከዓርብና ከቅዳሜ ሌሊት ይልቅ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ባለው ጊዜ ይያዙ፤ በሳምንቱ መጨረሻና ትልቅ ስብሰባ ባለበት ሳምንት ያው ክፍል በእጥፍ ሊሸጥ ይችላል።

ዘመድ ቤት አርፎ ለመጎብኘት ለሚመጣ ሰው ንጽጽሩ ሌላ ነው። ክላርክ ካውንቲ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ በይፋ የሰየመው ሰፈር ከስትሪፕ ወደ ምዕራብ ይገኛል፤ ምሳውን እዚያ በልቶ ማታ ወደ አንዱ ሰፈር መሄድ ይችላል። የሚያስፈልገው የአልጋ ሒሳብ ሳይሆን የመኪና ማቆሚያ ሒሳብ ነው፤ በስትሪፕ ትልልቆቹ ሆቴሎች በ2016 ማስከፈል ከጀመሩ ወዲህ አንድ ምሽት ሁለት ሦስት ቦታ ማቆም ብዙ ገንዘብ ይወስዳል። አንድ ቦታ አቁሞ ቀሪውን በእግርና በአውቶቡስ መጨረስ ይሻላል።

በመጨረሻ፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት እዚህ የነበሩ ወላጆቻቸውን ይዘው ለሚመጡ፦ የትኛውን ሆቴል እንደሚያስታውሱ ከጉዞው በፊት ጠይቋቸው። ዱንስ ካሉ ቦታው ቤላጂዮ ነው፤ ሳንድስ ካሉ ቬኒሺያን፤ ሃሲየንዳ ካሉ ማንዳሌይ ቤይ፤ ደዘርት ኢን ካሉ ዊን ነው። ከእነዚህ በአንዱ ፊት ለፊት ስትቆሙ፣ የድሮው በር በየት በኩል እንደነበረ እነርሱ ያሳዩአችኋል።